18 ሚኒባሶችን ያቆመ መሰኪያ፦ ስለ ተሽከርካሪ አቅርቦት ሰንሰለት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢንዱስትሪ ሚኒስቴር
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በተሽከርካሪ ኢንዱስትሪ የአቅርቦት ሰንሰለት ላይ አደጋ ሲደርስ ቶሎ እንዳንቋቋመው ስለሚያደርጉን መሰናክሎች

ክቡራን ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ላለፉት 14 ዓመታት በተሽከርካሪ መገጣጠሚያ ውስጥ በግዥና አቅርቦት ሥራ ላይ የቆየሁ ባለሙያ ነኝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ካደረገ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን እዚሁ የመገጣጠም ሥራ ሲነቃቃ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለ ውሳኔው ክርክር ለማንሳትም አልተነሳሁም። ልናገር የፈለግሁት ከውጭ የሚመጣልን ዕቃ በሩቅ አገር በደረሰ እሳት ወይም ጎርፍ፣ በጦርነት ወይም በባሕር መንገድ መዘጋት ምክንያት ሲቋረጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። በሥራዬ ካየሁት ተነስቼ ስናገር፣ አደጋው ከሚያደርስብን ጉዳት ይልቅ የሚከፋው፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት ልናውቀው የሚገባንን ባለማወቃችን የምናጠፋው ጊዜ ነው። ይህ ደግሞ አንድ ድርጅት ለብቻው ሊያስተካክለው የማይችል በመሆኑ ወደ እናንተ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት በምሠራበት ግቢ ውስጥ 18 ሚኒባሶች ተገጣጥመው ካለቁ በኋላ ለሰባት ሳምንታት ዝናብ ሲወርድባቸው ከረሙ። ሞተራቸው፣ ባትሪያቸው፣ ወንበራቸውና መስታወታቸው ተሟልቷል። የጎደላቸው በጎናቸው በኩል ከነገመዱ የሚገባው የቻርጅ መሰኪያ ብቻ ነበር። የመሰኪያዎቹ ሣጥን በፓኪንግ ሊስቱ (በጭነቱ ዝርዝር) ላይ ተጽፏል፤ ኮንቴይነሩ ሲከፈት ግን አልተገኘም። ኪቱን፣ ማለትም እዚህ የምንገጣጥመውን የተሽከርካሪ ክፍሎች ስብስብ፣ ለላከልን ድርጅት ጽፈን በሁለተኛው ቀን የደረሰን መልስ፣ መሰኪያውን የሚሠራላቸው ሌላ ፋብሪካ እንደሆነ፣ ማምረቻው ውስጥ ጎርፍ ገብቶ ሥራ እንዳቆመና መቼ እንደሚጀምር እንደማይታወቅ የሚገልጽ ነበር። ፋብሪካው ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ብንጠይቅ የንግድ ምሥጢር ነው ተባልን። ፍንጩን ያገኘነው ቀደም ሲል ተሸጦ ለጥገና ከተመለሰ አንድ ሚኒባስ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን መሰኪያውን ፈትቶ አወጣና ጀርባውን በጨርቅ ጠረገ፤ ከዚያም በስልኩ መብራት እያበራ በፕላስቲኩ ላይ የጤፍ ፍሬ አክለው የተቀረጹትን ፊደላትና ቁጥሮች አንድ በአንድ አነበበልኝ፤ እኔም በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፍኳቸው። በእነዚያ ቁጥሮች ስንፈልግ ያንኑ መሰኪያ የሚሠራ ሌላ አምራች በሦስት ቀን ውስጥ አገኘን።

ዕቃው በአውሮፕላን ለመድረስ ሁለት ቀን ብቻ ፈጀ። 18ቱ መሰኪያዎች ተጠቃለው ቢመዘኑ አንድ ኩንታል አይሞሉም። ከአውሮፕላን ከወረዱ በኋላ ግን ወደ እኛ ግቢ እስኪደርሱ 23 ቀን ቆዩ። ፈቃዱ የወጣው በኪት ስም ሲሆን መሰኪያው ከሌላ አቅራቢ፣ በሌላ ኢንቮይስ፣ ለብቻው እንደ መለዋወጫ የመጣ በመሆኑ የትኛው ቀረጥ እንደሚከፈልበት የሚወስን ሰው ጠፋ። ትራንዚተራችን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ ከረመ። ጉዳዩን የያዙት ሠራተኞች ቅን ሰዎች እንደነበሩ መመስከር እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በአስቸኳይ የሚያስተናግዱበት መመሪያ በእጃቸው አልነበረም፣ ያለ መመሪያ ቢፈርሙ ደግሞ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። በዚያን ጊዜ ከ18ቱ አንዱን ለመግዛት የባንክ ብድር የወሰዱ አንድ አባት ጠዋት ጠዋት ይደውሉልኝ ነበር። «ልጄ፣ ዛሬስ?» ይሉኛል። የብድሩ ወለድ መቆጠር ከጀመረ ሁለተኛ ወሩን ይዟል፤ መኪናው ግን ገና አንድ ተሳፋሪ አላነሳም። «አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡን» ከማለት በቀር የምነግራቸው ቁርጥ ያለ ቀን አልነበረኝም።

ይህ በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 ንጋት ላይ በጃፓን ካሪያ ከተማ የሚገኘው የአይሲን ሴይኪ ቁጥር 1 ፋብሪካ ተቃጠለ። ፋብሪካው ለኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት የሚመጥን ትንሽ ቫልቭ ያመርት ነበር። ቶዮታ ይህን ቫልቭ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያገኘው ከዚህ ከአንዱ ፋብሪካ ሲሆን፣ ዕቃ በመጋዘን ማከማቸትን እንደ ብክነት የሚቆጥር አሠራር ስለነበረው በእጁ ያለው ለጥቂት ቀናት እንኳ የማይበቃ ነበር። በጃፓን ያሉት የቶዮታ መገጣጠሚያዎች አብዛኞቹ በቀናት ውስጥ ቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ዛሬም ድረስ ይጠናል። 200 የሚሆኑ ድርጅቶች ተረባረቡ፤ ብዙዎቹም ቫልቩን በየራሳቸው ማሽን መሥራት ጀመሩ፤ የልብስ ስፌት መኪና በማምረት የሚታወቀው ብራዘር ሳይቀር ከእነዚህ መካከል ነበር። ምርቱም በሳምንት ገደማ ውስጥ ማገገም ጀመረ።

ይህን ታሪክ የሚያነሱ ብዙዎች የጃፓን ሠራተኞችን ትጋት ያደንቃሉ፤ ትጋቱም እውነት ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አይሲን የቫልቩን ንድፍ ሊሠሩ ለመጡት ሁሉ ሰጠ፤ ሊሠሩ የመጡትም ዋጋውን ሳይከራከሩ፣ ውል ሳይፈራረሙ ወደ ሥራ ገቡ። የኛን ሁኔታ ከዚህ ጋር ላስተያየው። ሶማሌ ተራ አካባቢና ከዚያም ውጭ ባሉ ቶርኖ ቤቶች ውስጥ የተሰበረ ዕቃ አይተው ብቻ አምሳያውን የሚያወጡ እጀ ብልሆች አሉ። የሚያስተማምን ፍሬን ወይም ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሸከም የገመድ ማገናኛ ግን በዓይን ግምት አይሠራም፤ የብረቱ ዓይነት፣ ልኩ፣ የሚፈቀደው ልዩነትና የፍተሻው አሠራር መታወቅ አለበት። ይህ ሁሉ የሚገኘው በንድፉ ላይ ነው፤ ንድፉ ደግሞ የውጭ አጋሩ ንብረት ነው። እስካሁን ባየኋቸው የአጋርነት ውሎች ውስጥ፣ አጋሩ ዕቃውን ማቅረብ ሲያቅተው ንድፉ በጊዜያዊነት ለአገር ውስጥ ሠሪ ይሰጣል የሚል አንቀጽ አላጋጠመኝም። እኛም ውሉን ስንፈርም አልጠየቅንም፤ በዚያን ሰዓት የሁላችንም ዓይን የኪቱ ዋጋ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን የደረሰው መጠኑ 9 ሆኖ የተለካው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ያወጣው እውነት ከዚህም የከበደ ነበር። በኢባራኪ ግዛት ሂታቺናካ ከተማ የሚገኘው የሬኔሳስ ናካ ፋብሪካ ተጎዳ፤ የሚያመርተው የመኪና ሞተርንና ሌሎች ክፍሎችን የሚቆጣጠሩ ማይክሮ ቺፖችን ነበር። ከተለያዩ ድርጅቶች የመጡ ሰዎች፣ ሥራው በበረታበት ጊዜ በቀን እስከ 2500 የሚደርሱ፣ ቀንና ሌሊት ተረባርበው ከታሰበው ቀደም ብለው በጁን መጀመሪያ ምርት አስጀመሩት። የመኪና አምራቾቹን ያስደነገጠው ግን ከዚህ ፋብሪካ ምን ያህል አቅራቢ እንደሚገዛ ቀድመው አለማወቃቸው ነው። አንድን ዕቃ ከሦስት የተለያዩ አቅራቢዎች የሚገዛ ድርጅት ራሱን ከአደጋ የጠበቀ ይመስለዋል፤ ሦስቱም አቅራቢዎች ቺፑን ከአንድ ናካ እንደሚገዙ ያወቀው ናካ ከቆመ በኋላ ነው። ሦስት እንስራ በጓዳ ደርድሮ ሁሉንም ከአንድ ምንጭ እንደመሙላት ማለት ነው። የቀለም ነገርማ ማንም ያላሰበው ነበር። ለመኪና ቀለም አንጸባራቂነት የሚሰጠውን ዚራሊክ የተባለ ዱቄት በዓለም ላይ የሚያመርተው በኦናሃማ የሚገኘው የጀርመኑ መርክ ፋብሪካ ብቻ ስለነበረ፣ አሜሪካ ውስጥ ፎርድ አንዳንድ ጥቁርና ቀይ ቀለም ያላቸውን መኪኖች ማዘዝ እንዲገታ አድርጎ ነበር።

ቶዮታ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ለእናንተ ለማቅረብ የፈለግሁት ሐሳብ መነሻ ነው። ከቀጥተኛ አቅራቢዎቹ ወዲያ ያሉትን አምራቾች፣ የትኛው ዕቃ በየትኛው ቦታ እንደሚሠራ ጭምር፣ መዝግቦ የሚይዝ የመረጃ ቋት አደራጀ። ለመተካት ረጅም ጊዜ የሚወስዱ ዕቃዎች ላይ ደግሞ አቅራቢዎቹ ክምችት እንዲይዙ አደረገ፤ ለቺፕ ይህ ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት ገበያው ሲቀዘቅዝ ብዙ የመኪና አምራቾች የቺፕ ትዕዛዛቸውን ሰረዙ፤ ፍላጎቱ ሲመለስ ግን የቺፕ ፋብሪካዎቹን ጊዜ የኮምፒውተርና የስልክ አምራቾች ይዘውት ነበር። አሊክስፓርትነርስ የተባለው አማካሪ ድርጅት በ2021 ብቻ የመኪና ኢንዱስትሪው 210 ቢሊዮን ዶላር ገቢና 7.7 ሚሊዮን መኪኖች እንደሚያጣ ገምቶ ነበር። ቶዮታ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሌሎቹ በተሻለ ቆመ። ሆኖም በደቡብ ምሥራቅ እስያ ወረርሽኙ ሲባባስ እሱም የሴፕቴምበር 2021 የዓለም ምርቱን በ40 በመቶ ለመቀነስ ተገደደ። ይህን የምጠቅሰው በቅንነት መነጋገር ስላለብን ነው፤ ክምችት ጊዜ ይገዛል እንጂ አደጋን አያስቀርም። በተገዛው ጊዜ ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ ካልታወቀ ክምችቱም ያልቃል።

ታዲያ እኛ ለምን አናከማችም? ይህን ጥያቄ በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በዚያው መጠን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ የሚይዘው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብም አብጧል። ባንክ ለክምችት የሚሰጠው ብድር ለሚሸጥ ዕቃ እንጂ ምናልባት አደጋ ቢመጣ ተብሎ ለሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ቀረጡ የሚከፈለው ዕቃው ሲገባ እንጂ ሲሠራበት ባለመሆኑ፣ ለሁለት ዓመት ላይነካ ለሚችል መሰኪያ ዛሬ ቀረጥ መክፈል ለማንም ሥራ አስኪያጅ አይዋጥለትም። ሁሉም ድርጅት ይህን ወጪ ለብቻው ከሚሸከም አደጋው ጎረቤቱን ቢያገኘው ይመርጣል። ይህን ስል ማንንም መውቀሴ አይደለም፤ እኔም ለአለቆቼ ያቀረብኩት የክምችት ሐሳብ ሁለት ጊዜ ውድቅ ሲደረግ፣ የቀረበልኝን ስሌት አይቼ መልስ አጥቻለሁ።

በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ላይ ደግሞ ቀድሞ ያልነበረ ችግር ተጨምሯል፤ ይህንን ዘርዘር አድርጌ ብናገር ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ከፖሊሲ አውጪዎች ጋር ባደረግኋቸው ውይይቶች ላይ ሲነሳ አልሰማሁም። በነዳጅ መኪና ዘመን ዕቃ ሲቸግር የመጨረሻው መፍትሔ አውሮፕላን ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ኢተን ራፒድስ ውስጥ ለፎርድ የማግኒዚየም አካላት የሚያቀርበው የሜሪዲያን ፋብሪካ ሲቃጠል፣ ከፍርስራሹ የተረፉትን ከባድ የማቅለጫ ቅርጾች በአንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ጭነው እዚያ እንዲመረት አድርገዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግን እንዲህ አይጫንም። ለብቻው የተላከ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ እንዳይጫን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላንም ቢሆን ከ30 በመቶ ያልበለጠ ቻርጅ ይዞ መጓዝ አለበት፤ ከ35 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ባትሪ ደግሞ ከመንግሥታት ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። የአንድ መኪና ባትሪ በመቶዎች ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ የባትሪ አቅርቦት ሲቋረጥ በአብዛኛው የቀረልን ባሕር ነው።

ባትሪን ማከማቸትም ብረት እንደ ማከማቸት አይደለም። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ በሙቀት ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ሳይሠራበት ያረጃል፤ ፈጽሞ ባዶ ሆኖ ከተተወም ይበላሻል። በግማሽ ገደማ ቻርጅ ተደርጎ፣ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ በየጊዜው እየተለካ መቀመጥ አለበት፤ እሳት ቢነሳ የሚለይበት ክፍልና ይህን እሳት ማጥፋት የሠለጠነ ሰውም ያስፈልጋል። በየመገጣጠሚያው ጓሮ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የሚደረግ ክምችት ከአቅርቦት አደጋ ሊያድነን ቀርቶ ሌላ አደጋ ይጠራብናል። በጥንቃቄ የተሠራ አንድ የጋራ ቦታ ግን ለብዙዎች ይበቃል።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ከአሥር እጅ ዘጠኝ የሚበልጠው የወጪና ገቢ ንግዳችን በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው 400 ሜትር የምትረዝም መርከብ የስዌዝ ቦይን ለስድስት ቀናት ስትዘጋ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2023 ደግሞ ጋላክሲ ሊደር የተባለችው የመኪና ማጓጓዣ መርከብ በቀይ ባሕር ላይ በየመን ሁቲ ኃይሎች ስትያዝ፣ ጉዳቱ እስከ አውሮፓ ደርሷል። መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ሲጀምሩ የቴስላ የበርሊን አካባቢ ፋብሪካ ዕቃ አጥሮት በጃንዋሪ መጨረሻ 2024 አብዛኛውን ምርቱን ለሁለት ሳምንታት አቁሟል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ጅቡቲ የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ ከሆነው ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ ስለሆነች ከቻይና የሚመጣው ዕቃችን በጠባቡ ባሕር ማለፍ አያስፈልገውም ብለው ይጽናናሉ። በካርታ ላይ ትክክል ናቸው። ትልልቅ መርከቦች ጅቡቲ ጎራ የሚሉት ግን ወደ ስዌዝ ሲያልፉ በመንገዳቸው ላይ ስለምትገኝ ነው፤ መንገዳቸውን ሲቀይሩ ዕቃችን በሌላ ወደብ ወርዶ ትንሽ መርከብ መጠበቅ ይገጥመዋል። የዕቃችን መንገድ እንደተቀየረ ያወቅሁትም መድረሻው ካለፈ በኋላ ወደ መርከብ ወኪል ደውዬ ነው እንጂ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ከላይ ያነሳኋቸው ሁሉ ሲጠቃለሉ ወደ አንድ ቦታ ይወስዱኛል። መረጃው በየቦታው ተበታትኖ አለ። የኪቱ አቅራቢ የራሱን ያውቃል፣ የመርከብ ወኪሉ የራሱን፣ ጉምሩክ የራሱን፣ እኛም የራሳችንን እናውቃለን፤ ይህን አንድ ላይ አድርጎ የሚያይ ግን የለም፣ ማንም ለማንም የመናገር ግዴታ የለበትም። እኛ መገጣጠሚያዎችም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለንም። ዕቃ ሲያጥረን ገዢ እንዳይሸሸንና ተወዳዳሪ እንዳይሰማ ብለን እንደብቃለን፤ ሁለት መገጣጠሚያዎች በአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ዕቃ አጥተው በየፊናቸው በአውሮፕላን ሲያስመጡ አይቻለሁ፤ ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ በአንድ ጭነት ይመጣ ነበር።

ስለዚህ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ቢጎድሉ መስመሩን የሚያቆሙ ዕቃዎቹን ለይቶ በምሥጢር እንዲያስመዘግብ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። የዕቃው ስም ብቻ አይበቃም፤ ያመረተው ትክክለኛ ፋብሪካና የሚገኝበት ከተማ፣ ክብደቱ፣ ሌላ ሊሠራው የሚችል ካለ እሱ፣ ለመተካት የሚፈጀው ጊዜና በእጅ ያለው መጠን መታወቅ አለባቸው። በዚህ መዝገብ አማካይነት አንድ ቦታ አደጋ ሲደርስ የትኞቹ ድርጅቶች እንደሚነኩ በሰዓታት ውስጥ ማወቅ ይቻላል፤ መዝገቡም ለተወዳዳሪ አይታይም፣ የሚነካው ድርጅት ብቻ ይነገረዋል። ምሥጢራችን ይወጣል የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው፤ ለዚህም መረጃውን የሚይዙት ሰዎች ጥቂት እንዲሆኑና አሳልፎ የሰጠ እንዲጠየቅ በመመሪያ መደንገግ ይቻላል። የውጭ አጋሮቻችን እኛ ስንጠይቃቸው እምቢ ይላሉ፤ የአገሪቱ የፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ሲሆን ግን ይሰጣሉ። በሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት በግል ጥያቄ የተከለከልነውን ሰነድ በሚኒስቴር ደብዳቤ ያገኘንበት ጊዜ አለ። በዚያው ፈቃድ ውስጥ አጋሩ ለተወሰነ ጊዜ ማቅረብ ካልቻለ፣ ለደኅንነት አስጊ ላልሆኑ ዕቃዎች ንድፉ ለአገር ውስጥ ሠሪ በጊዜያዊነት እንዲለቀቅ የሚያደርግ አንቀጽ ቢገባ ቶርኖ ቤቶቻችንም ሥራ ያገኛሉ።

ከጉምሩክ ኮሚሽን ጋር ተመካክራችሁ የአስቸኳይ መስመር እንድታዘጋጁም እለምናለሁ። መመዘኛው አደጋው ከመድረሱ በፊት የተጻፈ ይሁን፤ ዕቃው ቀድሞ ፈቃድ ባገኘ ኪት ውስጥ ያለ መሆኑ፣ ብዛቱ በግቢ ከቆሙት መኪኖች ቁጥር የማይበልጥ መሆኑ፣ ድርጅቱ ለቀረጡ ልዩነት ዋስትና ማስያዙ ከተረጋገጠ ዕቃው በ48 ሰዓት ወጥቶ ሒሳቡ በኋላ ይወራረድ። ያን ጊዜ ፈራሚው ሠራተኛም የሚተማመንበት ወረቀት ይኖረዋል። የጋራ ክምችቱን በተመለከተ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ቀረጡ ሲወጣ ብቻ የሚከፈልበት ቦንድድ መጋዘን ለዚህ ሥራ ቢመደብ፣ ሁሉም በሚጠቀምባቸው ዕቃዎች፣ ማለትም በመሰኪያ፣ በፊውዝ፣ በኩሽኔታና በ12 ቮልት ባትሪ መጀመር ይቻላል። ትልልቆቹ ባትሪዎች ከየሞዴሉ ስለሚለያዩ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ እስከዚያው ግን ሙሉ ባትሪ ከመተካት የተበላሸውን ክፍል ብቻ ፈትተው የሚቀይሩ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ዛሬ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በበኩሉ የመርከብ መስመር ለውጥ ሲኖር ወኪሎች ለአስመጪው በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ደንብ ቢያወጣ ለእኛ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

የሰባቱ ሳምንታት ጥበቃ ካለቀ በኋላ 18ቱ ሚኒባሶች ወጥተዋል፤ እኚያ አባትም መኪናቸውን ሊረከቡ መጥተው ቁልፉን ሲቀበሉኝ ወቀሳ አልወረወሩብኝም፣ ይልቁንም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። የከፈሉት ወለድ ግን አልተመለሰላቸውም። እኛም ከዚያ በኋላ በራሳችን ጥረት የእንዲህ ዓይነት ዕቃዎችን ዝርዝር ማዘጋጀት ጀምረናል። እስካሁን 37 ዕቃዎችን ለይተናል፤ የ29ኙን ትክክለኛ አምራች በስልክ መብራት፣ በደብዳቤና በጉዞ አውቀናል። ዝርዝሩን ለሚመለከተው ክፍል ለማስረከብና ለሌሎች ድርጅቶች አሠራሩን ለማሳየት በፈለጋችሁት ቀን እቀርባለሁ። የቀሩትን የስምንቱን አምራች ለማወቅ ግን የእናንተ ደብዳቤ ያስፈልገናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የተሽከርካሪ መገጣጠሚያ የግዥና አቅርቦት ባለሙያ
አዲስ አበባ